በሙጫ የተለጠፈው አድራሻ

እስቲ አንተ አንባቢው ተናገር፤ የመጽሐፉን ስም ረስተህ፣ የደራሲውንም ስም ረስተህ፣ «ሽፋኑ ቀይ ነበር መሰለኝ» ከማለት ሌላ የምታውቀው ነገር ሳይኖር፣ የፈለግኸውን መጽሐፍ አምጥቶ እጅህ ላይ ያኖረልህ ማን ነበር? ማሽን ነው? አዋጅ ነው? ወይስ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ፣ ከጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠች አንዲት ሴት? መልሱን አሳምረህ ታውቀዋለህ። ያቺው ሴት «ዘመን አልፎባታል» ስትባል ግን አንተም ከሌላው ጋር እውነት ነው ብለህ ራስህን ነቅንቀሃል። አትካድ።

የዚህ ታሪክ ባለቤት እንዲህ ያለች ሴት ናት። በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መግቢያ፣ ከበሩ በስተቀኝ ባለው የጥያቄ ጠረጴዛ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። በዚያ በር የሚገባ ሰው ሁሉ ገና ጃንጥላውን ሳያጥፍ «የት አለ?» ስለሚላት፣ የወላጆቿ ስም ተረስቶ እትዬ የትአለ ሆና ቀርታለች። ነርሷ ልጇ እንኳ በስልኳ ላይ እናቷን የመዘገበችው በዚሁ ስም ነው።

እትዬ የትአለ የተጠየቀችውን ከመመለሷ በፊት ሁልጊዜ «ለምን ፈለግኸው?» ትላለች። የነገረኛ አመል እንዳይመስልህ፤ ሙያ ነው። ስለ ጉበት መጽሐፍ የሚጠይቅ ሰው ለፈተና የሚያጠና ተማሪ ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ከሐኪም ቤት ወረቀት ተሰጥቶት የወጣ አባወራም ሊሆን ይችላል። ለሁለቱ አንድ መጽሐፍ የሚሰጥ ሰው መጋዘን ጠባቂ ነው እንጂ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ አይደለም። ይህን ልዩነት የማያውቁ ሰዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቢሯቸው ፎቅ ላይ ነው።

የዳይሬክተሩ ቢሮ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት ከዚያ ወርዶ ሠራተኛውን ሰበሰበና ቤተ መጻሕፍቱ አዲስ ድረ ገጽ እንደተሠራለት አበሰረ። በድረ ገጹ ላይ «ይጠይቁን» የሚባል ገጽ አለ። ማንም አንባቢ ከቤቱ ሆኖ ይጠይቃል፣ ሠራተኛው ይመልሳል፤ ጥያቄውንም መልሱንም ሁሉም ሰው ያነበዋል። ሁለት ሳምንት ሥልጠና ይሰጣል፤ ቀጥሎ ፈተና አለ። በፈተናው የወደቀ ከመሬት በታች ወዳለው መጋዘን ወርዶ አቧራ ያራግፋል።

እትዬ የትአለ እጇን አውጥታ ያለፈስ ምን ይሆናል ስትል ጠየቀች። ያለፈማ ድረ ገጹ ላይ ይሠራል፣ አላት። የጥያቄ ጠረጴዛውስ? ጠረጴዛውማ በወሩ መጨረሻ ይነሳል።

«ልክ ገብቶኝ እንደሆነ ጌታዬ» አለች፤ «ሥራውን ከቻልን ጠረጴዛው አያስፈልግም፤ ካልቻልን እኛ አናስፈልግም።»

«በትክክል» አለ ዳይሬክተሩ፤ ጠያቂዋ የእሱን ሐሳብ ከእሱ በላይ ስላሳመረችለት ደስ ብሎት። ሰው በገዛ ወጥመዱ ሲኮራ ማየት ምን ያህል እንደሚያናድድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እትዬ የትአለ ግን የዚያን ቀን አልተቆጣችም። ጠረጴዛዋን ማዳን ካለባት መጀመሪያ የመጣባትን ነገር ማወቅ እንዳለባት ገብቷታል፤ ያላነበበችውን መጽሐፍ ነቅፋ አታውቅም።

ሥልጠናው የአሮጌ ጋዜጦች ክፍል ውስጥ ተጀመረ። ሰባት ኮምፒውተሮች ተደረደሩ። አሠልጣኟ ጣቶቿ ከምላሷ የሚፈጥኑ ወጣት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን እትዬ የትአለን «እማማ» ብትላት፣ እማማ ቤት ናት፣ እዚህ እትዬ በይኝ ተባለች፤ ከዚያ በኋላ ተዋደዱ።

የተማሪዎቹን ነገር ተወው። ተመላሽ መጽሐፍ የሚቀበለው ባለማህተሙ ሃያ ስድስት ዓመት ማህተም ሲመታ የኖረ ስለሆነ ኪቦርዱንም በቡጢ ይመታው ነበር፤ በሁለት ቀን ሁለት ኪቦርድ ሰበረ። ሦስተኛውን ሲሰጡት አሠልጣኟ እንደ ሕፃን እጁን ይዛ አለማመደችው። ጠራዡ፣ ያረጀ መጽሐፍ እየፈታ የሚሰፋውና የሚለጥፈው፣ ሁሉም ሙጫው የሚሉት ሰውዬ፣ ጣቶቹ ላይ የደረቀ ሙጫ ስለማይጠፋ ማውሱ ከእጁ አልላቀቅ እያለ ያስቸግረው ነበር።

«አንተ ሙጫ፣ ጨርሰህ ተጣበቅክበት?» አለችው እትዬ የትአለ።

«ምን ላድርግ እህቴ» አለ፤ «በዚህ ዕድሜዬ እጄን የያዘኝ እሱ ብቻ ነው።»

እሷ ራሷም የይለፍ ቃል ስትፈጥር ግማሽ ቀን ፈጀች። የመጀመሪያው አጭር ነው ተባለ፤ ሁለተኛው ቁጥር የለውም ተባለ፤ ሦስተኛውን ድረ ገጹ ተቀበለው፣ እሷ ግን ረሳችው። ጠዋት ቁርስ ላይ ልጇ ሻይዋን እየጠጣች አስጠናቻት። በአንድ ጣት ሳይሆን በአሥሩም ጻፊ፣ ስትሳሳቺ ኮምፒውተሩን አትቆጪው፣ አይሰማሽም አለቻት። እትዬ የትአለ ደግሞ አንቺንም ገና ስትወለጂ የተቆጣሁሽ ሰምተሽኝ አልነበረም፣ ይኸው ሰው ሆንሽ ብላ መለሰችላት። በሦስተኛው ቀን በአራት ጣት ትጽፍ ነበር። በአራተኛው ቀን ከሌሎች ከተሞች ቤተ መጻሕፍት ማውጫ ውስጥ ገብታ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት ስትፈልገው የኖረችውን የአንድ መጽሐፍ ሁለተኛ ቅጽ አገኘች። መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን ጠረገች። አዎ፣ ድረ ገጹን ወደደችው። አዲስ ነገር የሚጠሉ አሮጊቶችን ታሪክ ሽተህ ከሆነ የመጣኸው ሌላ ቦታ ፈልግ።

አሁን ስሕተቱ ጋ ደረስን። አሠልጣኟ ሁለት አድራሻ የጻፈችበት ወረቀት ነበራት። አንደኛው የመለማመጃው ገጽ አድራሻ ነው፤ ሌላው የእውነተኛው። ሁለቱ ገጾች በመልክ መንታ ናቸው። እውነተኛው ከሐሙስ ጀምሮ ለሕዝብ ተከፍቶ ጥያቄ ይቀበላል፤ መልሱ ግን ከፈተናው በኋላ እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። አሠልጣኟ ለሌላ ሥራ አራት ቀን መሄድ ስለነበረባት ወረቀቱን ለሙጫው ሰጠችውና የመለማመጃውን አድራሻ በየኮምፒውተሩ ላይ እንዲለጥፍ አደራ አለችው። ለእሱ መስጠቷ ያለምክንያት አልነበረም። በዚያ ቤት የመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ የእሱ ነው፤ እጁ እንደ ማተሚያ ነው።

እሱም በሙያው ሠራው። ሰባት ቁራጭ ወረቀት፣ በመጽሐፍ ጀርባ ልክ፣ በመቀስ ቆረጠ። የመለማመጃው አድራሻ ረጅም ሆኖ በቁራጩ ላይ በአንድ መስመር አልገባለትም። ጠራዥ ደግሞ በመጽሐፍ ጀርባ ላይ መስመር ሰብሮ አይጽፍም፤ ከሚሰብር ጣቱን ቢቆርጡት ይመርጣል። ሌላኛው አድራሻ አጭር ነበር፤ ልክክ አለ። ሁለቱም የአንድ ቤት በር ነው፣ ምን ልዩነት አለው ብሎ አጭሩን ጻፈና በገዛ እጁ ባፈላው ሙጫ ለጠፈው። ያ ሙጫ አንዴ ከያዘ ዳኛ እንኳ አያፋታውም።

አሠልጣኟ ስትሄድ የተወችው ትእዛዝ ቀላል ነበር። እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፣ ከባድ ከባድ ጥያቄ አምጡ፤ ማን ምን እንደጠየቀ ግን እንዳትነጋገሩ፣ በእውነተኛው ሥራም ጠያቂው አይታወቅምና።

ሐሙስ ጠዋት ጥያቄ መዝነብ ጀመረ። እትዬ የትአለ ሁሉንም ሙጫው የሚልካቸው መሰላት። ሙጫው እትዬ የትአለ የምትልካቸው መሰለው። ሁለቱ በኮምፒውተሮቹ መካከል እየተያዩ፣ ትእዛዙን አክብረው አፋቸውን ዘግተው፣ በዐይናቸው ብቻ «አገኘሁህ» «አገኘሁሽ» ይባባሉ ነበር።

አንዱ፣ ከእናንተ የተዋስኩትን መጽሐፍ ውሻዬ በላው፣ ምን ላድርግ ብሎ ጻፈ። ይሄ የሙጫው ቀልድ ነው አለች በልቧ፤ እንዲህ ስትልም መለሰች፦ ውሻዎ ከእርስዎ ቀድሞ ጀምሮታል ማለት ነው፤ የቀረውን ይዘው ጥያቄ ጠረጴዛ ይምጡ፤ ጠራዣችን ቀልድ ከመፍጠር ሲያርፍ ይጠግንልዎታል፤ ውሻውንም አይምቱት፣ ሙጫው ጣፋጭ ስለሆነ ነው፣ ጥፋቱ የጠራዡ ነው። ሌላዋ ደግሞ ልጅ ሳለች አባቷ ያነበበላትን፣ ወፍ የተሳለበትን አረንጓዴ መጽሐፍ ፈለገች። እትዬ የትአለ፣ ሦስተኛው ክፍል፣ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከታች ሁለተኛው መደርደሪያ፤ ግን አረንጓዴ ብለሽ እንዳትፈልጊው፣ ሃያ ዓመት ፀሐይ መትቶት ቢጫ ሆኗል፣ ወፏ ግን አለች ብላ ጻፈችላት። ሙጫው በበኩሉ ሻይ የፈሰሰበት ገጽ እንዴት እንደሚጸዳ ለጠየቀ ሰው እንደ ደብዳቤ የረዘመ መልስ ሰጠ። ባለማህተሙ ለሁሉም በአንድ ቃል ይመልስ ነበር፤ «አለ» ወይም «የለም»፤ ከዚያ በቡጢ።

ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ለየት ያለ ጥያቄ መጣ። ጠያቂው ራሱን «ታዛቢ ዜጋ» ብሎ ነበር የጠራው። ድረ ገጽ ባለበት ዘመን ቤተ መጻሕፍት የጥያቄ ጠረጴዛ ምን ያደርግለታል? ቦታ ማጣበብ አይሆንም ወይ? ይላል።

እትዬ የትአለ ሳቅ አፈናት። ሙጫው የዳይሬክተሩን አነጋገር እንዴት አሳምሮ አስመሰለው። እጅጌዋን ሰብስባ በአሥሩም ጣቷ ጻፈች፦

«ታዛቢ ዜጋ፣ ለምን ፈለጉት? ለማወቅ ከሆነ የጠየቁት፣ ማክሰኞ ጠዋት ይምጡና ከጎኔ ተቀምጠው እስከ መዝጊያ ሰዓት ይዋሉ፤ መልሱ በእግሩ እየመጣ ያገኝዎታል። ጠረጴዛውን ለማንሳት ከሆነ ግን እርስዎ የሚያስፈልግዎት መጽሐፍ አይደለም፣ አናጢ ነው። አናጢ እኛ አናውስም።»

ልካ ስትጨርስ ወደ ሙጫው ዘወር ብላ ጠቀሰችው። እሱም ምን እንደሆነ ሳያውቅ መልሶ ጠቀሳት።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ለልምምዱ ዝግ የሰነበተው በር ሲከፈት፣ የመጀመሪያው ሰው አንድ በብብቱ ጥቅል የያዘ ሽማግሌ ነበር። ቀጥታ ወደ ጥያቄ ጠረጴዛው መጣና ጥቅሉን ፈታው። አንድ ጥግ የሌለው፣ የጥርስ ምልክት ያረፈበት መጽሐፍ ነበር።

«ይዤ እንድመጣ ብለሽኝ ነበር፤ ውሻውን አልመታሁትም» አለ።

እትዬ የትአለ መጽሐፉን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ እንደገና መጽሐፉን አየች። ከሽማግሌው ጀርባ አንዲት ጎልማሳ ሴት ቢጫ መጽሐፍ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች፤ ከእሷ ጀርባ ደግሞ ሰልፍ ነበር። ሰልፉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚስቅ ነበር የሚመስለው።

አሠልጣኟ በዚያው ሰዓት ወደ ሥልጠናው ክፍል ስትገባ ከስክሪኑ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት አነበበችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። በአራት ቀን ውስጥ ለሕዝቡ ዘጠና ስድስት መልስ ተሰጥቷል። መልሶቹን ስንት ሰው እንዳነበባቸው ስታይማ ወንበር ፈለገች። ሙጫው ነገሩ ሲገባው አንገቱን ደፍቶ ወረቀቶቹን ሊልጥ ሞከረ፤ አልላቀቅ አሉት።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ፤ «ግን መስመር አልሰበርኩም።»

ሽማግሌው የሚባለው ሁሉ አልገባውም፤ እሱ የመጣው ለመጽሐፉ ነው። ሙጫውም አፍሮ መቆም ሥራ አይሆንምና መጽሐፉን ተቀበለው። ውሻ የበላውን ጥግ በድረ ገጽ መጠገን አይቻልም፤ እጅ ይፈልጋል። ጎልማሳዋም ሴት ወፏን ካገኘች በኋላ ልትሄድ አልፈለገችም፤ አባቷ ሌላም ያነብላት እንደነበር፣ ስሙ ግን እንደጠፋባት ተናገረች። እትዬ የትአለ «ስለ ምን ነበር?» አለቻት። ሴትዮዋ አታስታውስም። አባትሽ ሲያነብልሽ ይስቅ ነበር ወይስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር? ይስቅ ነበር። እናትሽስ? እናቴ «በቃ አስተኛት» ትለው ነበር። ሦስት ጥያቄ ቀጥላ፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጽሐፉን አወጣችላት። ይህን የትኛው ገጽ ይጠይቃል? ድረ ገጹ ሴትዮዋን እስከ በሩ አመጣት፤ ከበሩ ወዲህ ያለው የጠረጴዛው ሥራ ነበር። አንዱ ለሌላው ወንድም ነው፤ ወንድማማቾችን አጋድሎ ርስት ለመውረስ የሚፈልግ ብቻ ነው የሚያጣላቸው።

ረፋዱ ላይ እትዬ የትአለ ከሦስተኛ ፎቅ ተጠራች። አሠልጣኟም አብራት እንድትወጣ ተባለ።

ዳይሬክተሩ ቆሞ ነበር የጠበቃቸው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንደማያጣራ፣ ሌሎቹን መልሶች ሕዝቡ ስለወደዳቸው እንደሚተዋቸው፣ አንዱ ግን አሁኑኑ ከገጹ እንዲጠፋ ነገራት። የትኛው ብላ ጠየቀችው።

«ስለ ጠረጴዛው የተጻፈው።»

«እሱማ የታዛቢ ዜጋ ጥያቄ ነው ጌታዬ። ዜጋው ቅር ብሎት ከሆነ ራሱ ይምጣ፤ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። እርስዎን ምን አገባዎት?»

ዳይሬክተሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጆሮው ቀላ። አሠልጣኟ ጣሪያውን ታይ ጀመር፤ ከንፈሯን ነክሳ። እትዬ የትአለ በሙጫው ላይ ያሳበበችው ጥያቄ ከማን እንደመጣ ያን ጊዜ ገባት። የፈራችው ነገር ሁሉ ከላይዋ ወረደ። ሰውዬው መጠየቁ አላናደዳትም፤ ጥያቄ ማንም ቢጠይቅ መብቱ ነው። ስሙን ሸሽጎ መጠየቁም አላናደዳትም፤ ስንት ዓይን አፋር አንባቢ አስተናግዳለች።

ያናደዳት ቀጥሎ ያለው ነው። ሳል አድርጎ፣ መልሶቹ ራሳቸው ሥራው በድረ ገጽ እንደሚቻል ስላረጋገጡ ጠረጴዛው የወሩን መጨረሻ ሳይጠብቅ በሚቀጥለው ሰኞ እንደሚነሳ አስታወቃት። ምክንያቱን ለአንባቢዎቹ እንዲነግራቸው ለመነችው። ሰልፉን ወርደው ይዩት፣ መልሱን ያነበበው ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ነው የመጣው አለችው።

«ለአንባቢ ማብራሪያ የመስጠት ግዴታ የለብኝም» አላት።

እትዬ የትአለ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሕዝብ በሠራው ቤት፣ ሕዝብ በሚያነብበት ፎቅ ላይ ሆኖ እንዲህ ያለ ቃል የሚወጣው አፍ ምን በልቶ እንደዋለ እያሰበች ነበር። ታች ስትደርስ ሙጫው ነገሩን ሰምቶ ተቆጥቶ ጠበቃት። ምክርም ነበረው። የዳይሬክተሩ የአንባቢ ካርድ በእጅሽ ነው፤ አንድም መጽሐፍ ተውሶ እንደማያውቅ ገጹ ላይ አውጪው፣ ሕዝብ ይሳቅበት አላት።

«የአንባቢ ካርድ የሐኪም ምስጢር ነው» አለችው ቆጣ ብላ፤ «እሱ ሙያውን ባያውቅ እኔም ልርሳ? ይሄን ሁለተኛ እንዳትለኝ።»

ወደ አሠልጣኟ ዞረች። በዚህ ገጽ ላይ እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ አንባቢ እንዴት ነው የሚጠየቀው? የተባረከችው ልጅ ከአንዱ ኮምፒውተር ፊት ወንበር ሳበችላት። የራስዎን የአንባቢ ካርድ ቁጥር ያስገቡ፤ ጥያቄውን ይጻፉ፤ እዚህ ጋ የሚመልስልዎትን ሠራተኛ ይምረጡ። የሠራተኞቹ ዝርዝር ወረደ። ከሁሉ በላይ የዳይሬክተሩ ስም ነበር፤ ድረ ገጹ ሲሠራ ስሙ ከላይ ይሁን ያለው ራሱ ነው።

መረጠችው። ቅጽል ስም አልተጠቀመችም፤ የወላጆቿን ስም ሙሉውን ጻፈች፤ ባለማህተሙና ሙጫው ከሃያ ዓመት በላይ አብረዋት ሠርተው ስሟን ያን ጊዜ ገና አወቁት። ባለውሻው ሽማግሌ ከኋላዋ ቆሞ ያነብ ነበር፤ ጎልማሳዋም ሴት እንዲሁ፤ ሰልፉም ቀስ እያለ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ማንም አልተናገረም፤ ቤተ መጻሕፍት ነዋ። የምትጽፈው በአሥሩም ጣቷ ነበር። ስትጨርስ ባለማህተሙን ጠራችና መላኪያውን እሱ እንዲመታው ፈቀደችለት። መታው። ኪቦርዱ ግን አልተሰበረም።

ከጥያቄው ሥር «መልሱን እኔም እጠብቃለሁ» የሚል ምልክት ነበር። የሰልፉ ሰዎች ስልካቸውን አወጡ። ቁጥሩ ሦስት አለ፣ አሥራ ሰባት አለ፣ ሰዓቱ እኩለ ቀን ሳይሞላ መቶ አለፈ፤ ጥያቄውም ከሁሉ በላይ ወጥቶ ተቀመጠ። እንዲህ ይላል፦

«ክቡር ዳይሬክተር፣ በዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የተጠየቅሁትን ስመልስ ኖሬአለሁ፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ድረ ገጹ ጥሩ ነው፣ እንማረዋለን፣ ተምረነዋልም። ጠረጴዛው የሚነሳው ግን ለምንድን ነው? የጎዳው ማንን ነው? ከአንባቢዎቹ ማንን ጠይቀው ወሰኑ? ጉዳዩ የቤተ መጻሕፍቱ የውስጥ ጉዳይ ነው እንዳይሉኝ፤ ቤቱ የአንባቢው ነው። ቢሮዎ አይጥሩኝ፣ ደብዳቤ አይጻፉልኝ፣ ታዛቢ ዜጋም ሆነው አይምጡ። እስከ ሰኞ ጊዜ አለዎት። እዚሁ ገጽ ላይ፣ በሙሉ ስምዎ፣ ሁሉም በሚያነበው ቦታ ይመልሱ።»